የአንጥረኛው ኪሚያ

(ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ፣ ሙቀቱ ገና ያልበረደበት ከሰዓት በኋላ፤ አንጥረኛው አቶ ደግፌ ከውጭ በተቆለፈው የሥራ ክፍላቸው በር ፊት መንገድ ዘግተው ቆመዋል፤ ኬሚስትሪ አስተማሪ የሆነችው ልጃቸው ስንዱ ከአዳማ አሁን ደርሳ ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ አላወረደችም።)

ስንዱ፦ ዞር በልልኝ አባዬ፤ እማዬን ልያት።

ደግፌ፦ ተኝታለች አልኩሽ እኮ። መጀመሪያ ተቀመጪ፣ ውኃ ጠጪ፣ ላብሽ ይድረቅ።

ስንዱ፦ ከአዳማ ድረስ የመጣሁት ውኃ ልጠጣ አይደለም። ለምንድን ነው የሥራ ክፍልህ ውስጥ የተኛችው? መኝታ ቤቷ ምን ሆነ?

ደግፌ፦ ምንም አልሆነም። እዚህ ይሞቃታል ብዬ ነው።

ስንዱ፦ ይሞቃታል? ድሬዳዋ? ሰው ፍራሹን ግቢ አውጥቶ በሚያድርበት ወር?

ደግፌ፦ እሷን ይበርዳታል። ትንቀጠቀጣለች። የሚንቀጠቀጥ ሰው ምን ይደረጋል? ሙቀት አጠገብ ይደረጋል።

ስንዱ፦ መስኮቱንስ ማን ነው በጭቃ የመረገው?

ደግፌ፦ እኔ ነኝ።

ስንዱ፦ ለምን?

ደግፌ፦ አቧራ ይገባል።

ስንዱ፦ ዕድሜ ልክህን በዚያ መስኮት ብርሃን ነው የሠራኸው። አንድ ቀን ጋዜጣ የለጠፍኩበት ጊዜ ምን እንዳልከኝ ረሳኸው? «ዓይኔን ጋረድሽብኝ» ብለህ አንድ ሳምንት ነው ያኮረፍከኝ።

ደግፌ፦ ያኔ ሌላ፣ አሁን ሌላ። ዘይነባ ናት አይደል የነገረችሽ? አጥር ላይ ተንጠልጥላ ነው የምትውለው።

ስንዱ፦ እትዬ ዘይነባ ባትደውልልኝ ኖሮ ምን ልሆን ነበር? «እናትሽን ካየኋት ቆየሁ። አባትሽ በር አያስገባም። ዶሮዎቼ አጥሩ ሥር እየተገለበጡ አለቁብኝ» አለችኝ።

ደግፌ፦ የዶሮ በሽታ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ገብቶበታል።

ስንዱ፦ ለሰፈሩ ደውዬ ጠየቅኩ። የሞቱት አንተ አጥር ሥር የሚጭሩት ብቻ ናቸው። ግድግዳህን እስቲ እየው። በዚህ ሰዓት እንሽላሊት የማይሮጥበት የድሬዳዋ ግድግዳ አይተህ ታውቃለህ?

ደግፌ፦ እንሽላሊት ልትቆጥሪ ነው የመጣሽው?

ስንዱ፦ ይሄ ቁልፍ ምንድን ነው? ሰው ላይ ነው እንዴ ከውጭ የምትቆልፈው?

ደግፌ፦ እየወጣች ወደ መንገድ ትሄዳለቻ! ባለፈው ሐዲዱ አጠገብ ወድቃ ነው ያገኘኋት። የት ልትሄጂ ነበር ስላት፣ «እህቴ ጋ» አለችኝ።

ስንዱ፦ የትኛዋ እህቷ?

ደግፌ፦ የሞተችው።

ስንዱ፦ እማዬ! እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ ስንዱ! ትሰሚኛለሽ?

ደግፌ፦ አትጩሂ። ትደነግጣለች። ድምፅ ስትሰማ ግድግዳው ላይ ነው የምትለጠፈው።

ስንዱ፦ አባዬ፣ ይሄ የሚሸተኝ ድኝ ነው። ምን እያበሰልክ ነው?

ደግፌ፦ ሥራ ነዋ።

ስንዱ፦ የማን ሥራ? ሱቁን ዘግተኸዋል አሉኝ። የሙሽራ ጌጥ ይዘው የመጡ ሰዎችን እንኳ መልሰሃል አሉ።

ደግፌ፦ የራሴ ሥራ። የእናትሽ የእልፍነሽ ሥራ። ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ።

ስንዱ፦ አልስቅም። የሚያስቅ ነገር አልታየኝም።

ደግፌ፦ ኪሚያ ነው።

ስንዱ፦ ምን?

ደግፌ፦ ሰምተሻል። አየሽ ፊትሽን?

ስንዱ፦ ፊቴ ምን ሆነ?

ደግፌ፦ አስተማሪ ሆነ።

ስንዱ፦ አንተ ነህ እርሳስ ወርቅ አደርጋለሁ የምትለው? ሐሰተኛ ወርቅ ገና ከኪስ ሳይወጣ በድምፁ የምታውቀው ሰውዬ?

ደግፌ፦ ወርቅ ምን ያደርግልኛል? ወርቅ ስደበድብ ነው ያረጀሁት። ቆይ፣ አንቺ የተማርሽው እስቲ ንገሪኝ። ኪሚያ ማለት ምን ማለት ነው?

ስንዱ፦ በሩን ክፈትና እነግርሃለሁ።

ደግፌ፦ ንገሪኝና እናያለን።

ስንዱ፦ እሺ። ቃሉን ከአረብ ነው ዓለም የወሰደው። ከፊቱ «አል» ጨምረው «አልኪሚያ» ያሉት እነሱ ናቸው። እነሱ ደግሞ ከግሪኮች ወሰዱት። ከዚያ ወደ ኋላ ሲኬድ ሊቃውንቱ ይጣላሉ። ግማሾቹ፣ ግብፅ በጥንት ስሟ ኬም ትባል ነበር፣ ጥቁር ምድር ማለት ነው፣ ኪሚያም የጥቁሯ ምድር ጥበብ ማለት ነው ይላሉ። ዓባይ ሞልቶ ሲመለስ ዳር ዳሩን የሚተወውን ጥቁር አፈር ለማለት ነው።

ደግፌ፦ ያ አፈር ታዲያ ከየት የሚሄድ ይመስልሻል? ከጎጃም፣ ከወሎ ታጥቦ አይደለም እንዴ? እንግዲያው ስሙም የኛው አፈር ነው!

ስንዱ፦ ደስ አለህ።

ደግፌ፦ ለምን አይለኝ? ግማሾቹስ?

ስንዱ፦ ግማሾቹ የለም፣ ቃሉ ራሱ የግሪክ ነው፣ ማዕድን አቅልጦ ማፍሰስ ማለት ነው ይላሉ።

ደግፌ፦ ይሄም እኔው ነኝ! ሳቀልጥና ሳፈስ አይደል የኖርኩት?

ስንዱ፦ እርግጡን የሚያውቅ የለም። ሥራው እንዴት እንደተጀመረ ግን በመጠኑ ይታወቃል። እዚያው ግብፅ ውስጥ እንዳንተ ያሉ አንጥረኞች ነበሩ። መዳቡን ወርቅ፣ ቆርቆሮውን ብር፣ ብርጭቆውን ዕንቁ የሚያስመስሉ። ቀለም ቀቢዎች ነበሩ አባዬ። ማስመሰላቸውን ራሳቸው ያውቁት ነበር።

ደግፌ፦ በኋላስ?

ስንዱ፦ በኋላ የመጡት ማስመሰሉን ረሱና አመኑት። ላዩ ከተለወጠ ውስጡም ተለውጧል አሉ። ከዚያ ወዲያ ስንቱ ምድጃ ሥር ዕድሜውን ጨረሰ።

ደግፌ፦ ያንቺ ኬሚስትሪስ ከየት መጣ?

ስንዱ፦ ከዚያው ነው የተወለደው። አልክድህም። ማጣራቱን፣ ማንጠሩን፣ የሥራ ዕቃውን ሁሉ ከነሱ ነው የወረስነው።

ደግፌ፦ እንግዲያው አንቺ የምታስተምሪው የኔን ልጅ ነው። ልጁን ይዘሽ አባትየውን ትሳደቢያለሽ።

ስንዱ፦ አልተሳደብኩም። በሩን ክፈት ነው ያልኩት።

ደግፌ፦ ሐጂ ሳልማንን አታውቂውም። አንቺ ሳትወለጂ ነው። መጋላ ውስጥ ብር የሚሠራ የመናዊ ነበር፤ ለዚህ እጄ ሙያ የሰጠው እሱ ነው። ኪሚያን የነገረኝም እሱ። «ማዕድን ሁሉ ወርቅ ሊሆን ነው የሚፈጠረው» ይለኝ ነበር። «መሬት ውስጥ ሳለ ይታመምና መንገድ ላይ ይቀራል። እርሳስ ማለት የታመመ ወርቅ ነው።»

ስንዱ፦ ወርቅ ሲያደርገው አሳየህ?

ደግፌ፦ አሳየኝ። ባዜቃ ማቅለጫው ውስጥ ጨመረ። ምን ልበልሽ፣ ውኃ የሚመስል ብር ነው፣ መቼም ታውቂዋለሽ። እሳት ላይ ጣደው። ሲያበርደው ሥሩ ላይ ሽምብራ የምታክል ወርቅ።

ስንዱ፦ ወርቁ እኮ መጀመሪያውኑ ባዜቃው ውስጥ ሟሙቶ...

ደግፌ፦ አውቃለሁ! እሱን ለኔ ታስተምሪኛለሽ እንዴ? ወርቅ አልባሽ አይደለሁም? እዚያው ነው የነቃሁበት። ሐጂም እንደነቃሁ አይቶ ሳቀ። «ይሄ ለሞኝ ነው፤ ላንተ ዋናውን ልንገርህ» አለኝ።

ስንዱ፦ ዋናው ምንድን ነው?

ደግፌ፦ እርሳስን የሚያድነው መድኃኒት ሰውንም ያድናል። አል-ኢክሲር ይሉታል። ወርቁ መፈተሻ ነው እንጂ ሥራውስ ለሰው ነው አለኝ።

ስንዱ፦ አባዬ... ይሄን ሁሉ የምታደርገው ለእማዬ ነው?

ደግፌ፦ ለማን ሊሆን ኖሯል? ሐኪም ቤት አልወሰድኳትም? ወሰድኳት። ነርቭ ነው አሉ፣ ኪኒን ሰጡ። ሌላ ጋ ወሰድኳት። ዕድሜ ነው አሉ። ሌላ ጋ፣ ጭንቀት ነው አሉ። ማንኪያ ስትይዝ ሾርባው ደረቷ ላይ ይደፋል። ያቺ ሴትዮ እኮ በጨረቃ ብርሃን ክር መርፌ ውስጥ የምታሾልክ ነበረች! እንቅልፍ የላትም። ሰው ሲመጣ አፍራ ትደበቃለች። ታለቅሳለች፤ ምን ሆንሽ ስላት አታውቀውም። ድዷ ይደማል። አንቺ እዚያ ሆነሽ በስልክ «ሐኪም ጋ ውሰዳት» ትያለሽ። የትኛው ሐኪም ጋ?

ስንዱ፦ ድዷ ይደማል?

ደግፌ፦ ጥርሷም ይነቃነቃል።

ስንዱ፦ ይሄን ለምን አልነገርከኝም?

ደግፌ፦ የጥርስ መነቃነቅ ምኑ ይነገራል? ያረጀ ሰው ጥርሱ ይነቃነቃል።

ስንዱ፦ ቆይ። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ወርቅ ስታለብስ እንዴት ነው የምታደርገው?

ደግፌ፦ አሁን ይሄ ከየት መጣ? እያየሽ አይደል ያደግሽው?

ስንዱ፦ እንደማላውቅ አድርገህ ንገረኝ።

ደግፌ፦ ወርቁን ከባዜቃ ጋር አዋህደዋለሁ፤ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። ብሩ ላይ እቀባዋለሁ። እሳት አሳየዋለሁ። ባዜቃው ይሄዳል፣ ወርቁ ይቀራል።

ስንዱ፦ ባዜቃው የት ይሄዳል?

ደግፌ፦ ይተናላ።

ስንዱ፦ ወዴት?

ደግፌ፦ ወደ ላይ ነዋ።

ስንዱ፦ ላይ ጣሪያ አለ አባዬ። ጣሪያ አለ፣ ግድግዳ አለ። ወናፉን ማን ነበር የሚነፋልህ?

ደግፌ፦ እናትሽ ናት። ማን ሊነፋልኝ ነበር? አንቺ ትምህርት ቤት ነሽ።

ስንዱ፦ እሳቱ አጠገብ ተቀምጣ።

ደግፌ፦ ታዲያ ወናፍ ከሩቅ ይነፋል?

ስንዱ፦ ይኸው ነው በሽታዋ። ነርቭም አይደለም፣ ዕድሜም አይደለም። ባዜቃ ነው። ሜርኩሪ የምንለው፤ እንፋሎቱ አይታይም፣ አይሸትም። በትንፋሽ ይገባል፣ ገብቶ ይቀመጣል። እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ድድ ያደማል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ደፋሩን ሰው ዓይን አፋር ያደርጋል። ይሄን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ አስተምራለሁ። የእናቴን ነገር እየጻፍኩ መሆኑን አላወቅኩም።

ደግፌ፦ ውሸት ነው። እኔ አለሁ አይደል? ከእሷ ይልቅ እሳቱ አፍ ላይ የኖርኩት እኔ ነኝ። ምን ሆንኩ?

ስንዱ፦ ምን እንደሆንክማ ሱቅህን የዘጋኸው አንተ ታውቃለህ። የሙሽሮቹን ጌጥ ለምን መለስከው?

ደግፌ፦ ጊዜ ስለሌለኝ።

ስንዱ፦ እጅህን ዘርጋ።

ደግፌ፦ አልዘረጋም።

ስንዱ፦ ዘርጋው አባዬ።

ደግፌ፦ አልዘረጋም አልኩሽ! አባትሽን እንደ ተማሪ ታዥኛለሽ?

ስንዱ፦ ይሁን፤ አትዘርጋ። እማዬን ግን ይዣት እሄዳለሁ። ባጃጁ በር ላይ ቆሟል።

ደግፌ፦ ስሚ። ስሚኝ ስንዱዬ። ባዜቃ ነው ያልሽውን ልቀበልሽ። እንግዲያው ሐጂ ሳልማን ልክ ነበረ ማለት አይደለም? ያሳመማት እሱ ከሆነ የሚያድናትም እሱው ነው። ጥሬው ያሳምማል፣ የበሰለው ያድናል። ከድኝ ጋር ሲዋሃድ መጀመሪያ ይጠቁራል፤ የሞተ ነው የሚመስልሽ። ያው ያልሽው ጥቁር አፈር! ከዚያ እሳቱን ታግሠሽ ታበስይዋለሽ። ቆይቶ ይነጣል። መጨረሻ ላይ ይቀላል። ከቀላ አለቀ።

ስንዱ፦ ቀልቷል?

ደግፌ፦ እንደ ደቀቀ በርበሬ።

ስንዱ፦ ሰጥተሃታል?

ደግፌ፦ ምን?

ስንዱ፦ ከቀዩ ለእማዬ ሰጥተሃታል ወይ?

ደግፌ፦ አልሰጠኋትም። ነገ ጠዋት በባዶ ሆዷ ነው የምሰጣት። እስከዚያ እንፋሎቱ እየለመዳት ነው።

ስንዱ፦ እንፋሎቱ እየለመዳት? አሁንም እሳት ላይ ነው እንዴ? እሷ ውስጥ ተኝታ?

ደግፌ፦ እሳት ላይ ያለው ሁለተኛው ዙር ነው። በር ከተከፈተ የመድኃኒቱ ነፍስ ይወጣል፤ ድካሜ ሁሉ ገደል ይገባል። በሩን የዘጋሁት ለዚያ ነው። ገባሽ አሁን?

ስንዱ፦ ቀዩም ያው ባዜቃ ነው አባዬ! ልብስ ቀየረ እንጂ ሰውየው አልተቀየረም። አጥብቀህ ብታግለው ተመልሶ እንደ ድሮው ሲንከባለል ታየዋለህ። ዘላለም እንኖራለን ብለው ይሄንኑ ነገር በኪኒን እያስደረጉ የዋጡ የቻይና ነገሥታት ነበሩ። አፋቸው እየቆሰለ፣ አእምሯቸው እየተሳተ ነው የሞቱት።

ደግፌ፦ ያልበሰለ ሰጥተዋቸው ነው። ቸኩለው።

ስንዱ፦ የሚቀጥለው ንጉሥም እንደዚሁ ነበር ያለው። እኔ ጋ ሲደርስ ይበስላል እያለ ዋጠው።

ደግፌ፦ እኔ የቻይና ንጉሥ አላየሁም። የሐጂን ሚስት ግን በዓይኔ አይቻታለሁ። መርየም ነበር ስሟ። አልጋ ላይ ወድቃ፣ ዘመዶቿ ተሰብስበው ሊያለቅሱላት ሲጠባበቁ ነበር። በማር ለውሶ ሰጣት። በማግስቱ ተነሥታ ግቢዋን ጠረገች! መጋላ በሙሉ ወጥቶ አያት። እኔ ራሴ ሰላም አልኳት፣ ሳቀችልኝ።

ስንዱ፦ ከዚያስ?

ደግፌ፦ ከዚያማ አገራቸው ገቡ። የመን።

ስንዱ፦ ሁለቱም?

ደግፌ፦ እሱ ገባ።

ስንዱ፦ እሷስ?

ደግፌ፦ እሷ... እዚሁ ቀረች።

ስንዱ፦ እዚሁ የት?

ደግፌ፦ ከወንዙ ማዶ። እስላም መቃብር።

ስንዱ፦ ግቢዋን ከጠረገች በኋላ ምን ያህል ቆየች?

ደግፌ፦ በሱ አይደለም የሞተችው! ያን ዓመት ወባ ነበረ፤ ከተማው ሁሉ ሬሳ ሲሸኝ ነው የከረመው።

ስንዱ፦ ምን ያህል ቆየች አባዬ?

ደግፌ፦ ሳምንት አልሞላትም።

ስንዱ፦ እንዲህ የሆነች ሴት ናት ተስፋህ?

ደግፌ፦ ሳቀችልኝ እኮ። እልፍነሽ ከሳቀች ዓመት አልፏታል። አንድ ጊዜ ብቻ እንደዚያ ብትስቅልኝ ብዬ...

ስንዱ፦ ቁልፉን ስጠኝ።

ደግፌ፦ አልሰጥሽም።

ስንዱ፦ የባጃጁን ልጅ ጠርቼ አሰብረዋለሁ።

ደግፌ፦ የቤቴን በር? እናትሽን በሌሊት ልብሷ ለወንድ ልታሳዪ? በዚያው ትሞትልሻለች። ከጥላዋ የምታፍር ሆናለች አልኩሽ።

ስንዱ፦ አፍራም ቢሆን ትውጣ።

ደግፌ፦ አንድ ቀን ብቻ ታገሺኝ። እንቢ አትበይኝ። በከንቱ እንዳልሆነ ምልክት አይቻለሁ። ሐጂ «መድኃኒቱ ሊደርስ ሲል ቤቱ ውስጥ ምልክት ታያለህ» ብሎኝ ነበር። ትናንት አየሁት።

ስንዱ፦ ምን አየህ?

ደግፌ፦ የጋብቻ ቀለበቷን። ያንን ቀለበት የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ምንም ያልተቀላቀለበት ወርቅ ነው። ነጥቷል ስንዱ! ጣቷ ላይ እንዳለ ነጥቷል። ብር ነው የሚመስለው።

ስንዱ፦ ነጣ?

ደግፌ፦ ይኸውልሽ አንቺም ደነገጥሽ።

ስንዱ፦ እማዬ ባዜቃ በእጇ ነክታለች?

ደግፌ፦ ኧረ በጭራሽ። ከአልጋ መች ትወርዳለች? ማስቀመጫው ከፍ ብሎ መደርደሪያው ላይ ነው፣ ተከድኗል።

ስንዱ፦ አንተስ ባዜቃ በነካ እጅህ ያዝካት?

ደግፌ፦ ሳልታጠብ ይዣት አላውቅም።

ስንዱ፦ እንግዲያው አንተው ንገረኝ። እኔ ከመጽሐፍ ነው የማውቀው፣ አንተ ግን በእጅህ ታውቀዋለህ። ወርቅ በምን ይነጣል?

ደግፌ፦ ወርቅማ... ወርቅ በምንም አይነጣም። ጊዜ አያነጣው፣ ላብ አያነጣው።

ስንዱ፦ በምንም?

ደግፌ፦ ባዜቃ ካልነካው በቀር።

ስንዱ፦ ታዲያ አልጋ ላይ የተኛች ሴት ጣት ላይ ባዜቃውን ማን አመጣው?

ደግፌ፦ ማስቀመጫው ተከድኗል አልኩሽ እኮ።

ስንዱ፦ ክዳኑን አይደለም የጠየቅኩህ።

ደግፌ፦ እያሰብኩ ነው።

ስንዱ፦ ምን ታስባለህ? ሌላ ምን አለ?

ደግፌ፦ ሌላ የለም። አየሩ ነው።

ስንዱ፦ አየሩ ነው። ያንን ወርቅ እንዲህ ያደረገ አየር ቀኑን ሙሉ ሲገባባት...

ደግፌ፦ በቃ! አትጨርሺው። በእግዚአብሔር አትጨርሺው።

ስንዱ፦ እሺ። አልጨርሰውም። ና፣ ግድግዳውን ደገፍ በል።

ደግፌ፦ ሰው ሁሉ እልፍነሽ ምን አላት፣ ባሏ ወርቅ ሠሪ ነው ይል ነበር። ወናፉን እየነፋች ትዘፍንልኝ ነበር እኮ። ጉሮሮዋን ሲከረክራት ከሰሉ ነው እላት ነበር። ከሰሉ ነው፣ ጠጋ በይ፣ እሳቱ እንዳይሞት።

ስንዱ፦ አላወቅክም።

ደግፌ፦ አንቺ ሳትነግሪኝም ማወቅ ነበረብኝ። ወርቅ ሠሪ አይደለሁም? ትናንት ያንን ቀለበት ሳይ እኮ ገብቶኝ ነበር። እጄ እየነገረኝ ነው ዝም ያሰኘሁት።

ስንዱ፦ አባዬ፣ ለዚህ ጊዜ አለን። አሁን እሷን ለማውጣት ነው ጊዜ የሌለን።

ደግፌ፦ ትድናለች?

ስንዱ፦ አልዋሽህም፣ አላውቅም። ንጹሕ አየር ካገኘች፣ የገባው በመድኃኒት እየወጣ የሚሻላቸው አሉ። ዛሬ ነገ ካልን ግን እኔንም እንዳትጠይቀኝ። ደግሞ በአፏ ያልገባ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ቀዩን አለመቅመሷ።

ደግፌ፦ እኔስ አብሬ ልምጣ?

ስንዱ፦ አንተማ ግድ ትመጣለህ። አንተም ትታያለህ። ቁልፉን ስጠኝ አሁን፤ ባለባጃጁ ጡሩምባ እየነፋ ነው።

ደግፌ፦ እንኪ። ቆይ! ዝም ብለሽ አትክፈቺው። ነጠላሽን አፍና አፍንጫሽ ላይ እሰሪ። መጀመሪያ በሩን ወለል አድርጊና ራቅ በዪ፤ ከዚያ ነው የምትገቢው።

ስንዱ፦ እሺ። አንተ እዚሁ ሁን፣ እንዳትገባ። ተሸክሜ አወጣታለሁ። እንዲያው ቀላል ሆና ይሆናል።

ደግፌ፦ ስንዱ።

ስንዱ፦ ምን?

ደግፌ፦ እናትሽ አሁን ብትስቅልሽ እንዳታምኚያት።

ስንዱ፦ ምን ማለትህ ነው? ለምን ትስቃለች?

ደግፌ፦ ባጃጁ ደጅ ሲቆም ሰማሁት። አንቺ መሆንሽን አወቅኩ። እንዳትከለክዪኝ ብዬ...

ስንዱ፦ አባዬ፣ ነገ ጠዋት ነው ብለኸኛል! ነገ ጠዋት አላልከኝም?

ደግፌ፦ አልጋው ሥር ብርጭቆ አለ፤ ቂጡ ላይ ቀይ ቀርቶበታል። አትጠቢው፣ እንዳለ ለሐኪሙ አሳዪው።